«ኡስታዝ፣ ሐራም ነው ወይስ ስላልወደዱት ነው?»

ስለ ፈጣኑ የጨዋታ ሞኒተር፣ ስለ ወጣቶቻችን ጊዜና ስለ ቤተሰባችን ኪስ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያቀረበልን በልጅነቱ ቁርኣን ያስቀራነው፣ በኋላም በመደበኛው ትምህርት ቤት ያስተማርነው፣ አሁን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ወስዶ ውጤት በመጠባበቅ ላይ የሚገኝ ወጣት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ጠብቆን «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» አለንና ስልኩን አውጥቶ የአንድ ሞኒተር ፎቶግራፍ አሳየን። ሪያድ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ታላቅ እህቱ «ፈተናህን በደንብ ሥራ እንጂ የፈለግኸውን እገዛልሃለሁ» ብላ ቃል ገብታለት ኖሯል። እሱም የመረጠው ይህንን የኮምፒውተር ጨዋታ ሞኒተር ነው። ስፋቱ 27 ኢንች፣ ዓይነቱ ኦሌድ፣ ፍጥነቱ 240 ሄርዝ፣ ዋጋው 550 ዶላር። «ከጥቂት ዓመታት በፊት እኮ 1,000 ዶላር ነበር፤ አሁን ረክሷል» አለን፤ ዓይኑ እየበራ።

እኛም ብዙም ሳናስብ «የጨዋታ ነገር ይቅርብህ፤ ይልቅ የሐፈዝከውን ቁርኣን ከልስ» አልነው። ወጣቱ ግን አንገቱን ደፍቶ አልሄደም። በትሕትና፣ ነገር ግን ፊት ለፊት እያየን «ይቅርታ ያድርጉልኝና ኡስታዝ፣ ሐራም ነው ወይስ እርስዎ ስላልወደዱት ነው?» ሲል ጠየቀን።

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም። ዕቃው ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አናውቅም ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል ውስጥ ሰዎች ያለ ዕውቀት በምላሳቸው ብቻ «ይህ ሐላል ነው፣ ይህ ሐራም ነው» ከማለት እንዲቆጠቡ ማስጠንቀቁን ስንት ጊዜ ለተማሪዎቻችን አስተምረናል! ስለዚህ የአንድ ሳምንት ጊዜ እንዲሰጠን ጠየቅነው፤ ጠይቀንና አንብበን የደረስንበትንም ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ለማካፈል ወሰንን። ምክንያቱም ይህ ጥያቄ በየቤቱ እንዳለ እናውቃለን።

ዕቃው ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን ቤት ያለው ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ኤል ሲ ዲ የሚባለው ዓይነት ነው። አሠራሩ ከጀርባው መብራት በርቶ ከፊቱ መጋረጃ እንደተጋረደበት መስኮት ነው። የጀርባው መብራት ያለማቋረጥ ይበራል፤ ከፊቱ ያሉት ጥቃቅን የፈሳሽ ክሪስታል መጋረጃዎች ደግሞ እየተከፈቱና እየተዘጉ ብርሃኑን ያሳልፋሉ ወይም ይከለክላሉ። መጋረጃው ግን የቱንም ያህል ቢዘጋ ጥቂት ብርሃን ያመልጠዋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በኤል ሲ ዲ ላይ የሌሊት ሰማይ ስናይ ጥቁር መሆን ያለበት ግራጫ ሆኖ የሚታየን ለዚህ ነው።

ኦሌድ ከዚህ ይለያል። የጀርባ መብራት የለውም። እያንዳንዷ የምስል ነጥብ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ራሷ የምታበራ ናት፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ ፈጽማ ትጠፋለች። ወጣቱ ባሳየን ሞኒተር ላይ ነጥቦቹ በአግድም 2,560፣ በቁመት 1,440 ናቸው። ብናባዛው 3,686,400 ይሆናል። እንግዲህ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ጥቃቅን ኩራዞች በአንድ ገበታ ላይ ተደርድረው እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው እንደሚበሩና እንደሚጠፉ አስቡት! ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ኩራዙ ስለጠፋ ነው።

የዚህ ሥራ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በአሜሪካው የኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ ተመራማሪዎች በዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያበራ፣ ከካርቦን ውሁዶች የተሠራ ስስ ንጣፍ ይፋ አደረጉ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ የጃፓኑ ሶኒ የመጀመሪያውን የኦሌድ ቴሌቪዥን ለገበያ አቀረበ። ስፋቱ 11 ኢንች ብቻ ሲሆን አሜሪካ ሲደርስ የተሸጠው 2,500 ዶላር ገደማ ነበር። በ2022 ሳምሰንግ ከሚያመርተው አዲስ ዓይነት የኦሌድ ንጣፍ የተሠራ 34 ኢንች የጨዋታ ሞኒተር በ1,299 ዶላር ወጣ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች በዙ፣ ፉክክሩ ጠነከረ፤ በ2025 ባለ 27 ኢንችና ባለ 240 ሄርዙ ሞኒተር በ500 እና በ600 ዶላር መካከል የሚገኝ ሆነ። ወጣቱ «ረክሷል» ያለው በዚህ ሒሳብ ነው፤ አልዋሸም።

የብርሃንና የዓይን ነገር ለሙስሊሞች ባዕድ እንዳልሆነም በዚሁ እናስታውስ። ካይሮ ላይ የኖረው አቡ ዐሊ ኢብኑል ሀይሠም ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት «ኪታቡል መናዚር» በተባለው መጽሐፉ የምናየው ዓይናችን ብርሃን ስለሚረጭ ሳይሆን ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነስቶ ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን በሙከራ አስረድቷል። እንግዲህ ልጆቻችን ስለ ስክሪን ሲጠይቁን «ዝም በል» ከማለት ይልቅ የኢብኑል ሀይሠምን መንገድ ብንከተል ምን ይጎዳናል?

240 ሄርዝ ማለትስ?

ተማሪ ሳለን በደብተራችን ጥግ ላይ በየገጹ ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ስዕል እየሳልን ገጾቹን በፍጥነት ስናገላብጥ ሰውየው የሚሮጥ ይመስለን ነበር። ሞኒተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሄርዝ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ገጹ ስንት ጊዜ ይገለበጣል ማለት ነው። የተለመደው ሞኒተር በሴኮንድ 60 ጊዜ ይገለብጣል፤ እያንዳንዱ ምስል ከዓይናችን ፊት ወደ 17 ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል። ባለ 240 ሄርዙ ሞኒተር ግን እያንዳንዱን ምስል የሚያቆየው ከ4 ሚሊ ሴኮንድ ጥቂት ለበለጠ ጊዜ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በእግር ኳስ ጨዋታ ኳሷ በስክሪኑ ላይ በሴኮንድ 960 ነጥቦች የምትጓዝ ብትሆን፣ ዓይናችን ሲከተላት በ60 ሄርዝ ላይ 16 ነጥብ ያህል ተዘርግታ ትደበዝዛለች፤ በ240 ሄርዝ ላይ ግን 4 ነጥብ ብቻ። በዚህ ላይ የኦሌድ ነጥቦች ቀለማቸውን የሚለውጡት ከኤል ሲ ዲ እጅግ በፈጠነ ጊዜ በመሆኑ ከኋላ የሚጎተት ጥላ አይኖርም። ስለዚህ ልጆቹ «ልዩነት አለው» ሲሉ ምናባቸው አይደለም፤ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

ሻጩ የማይነግረን

ይሁን እንጂ ማስታወቂያ መልካሙን እንጂ ጉድለቱን አይናገርም። በኢስላም ደግሞ ሻጭ የዕቃውን ነውር መደበቁ እንደተከለከለ ሁሉ ገዢም ዓይኑን ገልጦ መግዛት ይገባዋል። እኛ ያገኘናቸውን እነሆ፦

አንደኛ፣ ሞኒተሩ የሚያሳየው የተሰጠውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በሴኮንድ 50 ምስል ብቻ መሥራት የሚችል ከሆነ ባለ 240 ሄርዙ ሞኒተር ከየት አምጥቶ 240 ያሳያል? ፈጣን ምስል ለማመንጨት ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከሞኒተሩ ያላነሰ ዋጋ ያወጣል። በየሰፈሩ የጨዋታ ቤት የምናየው ፕሌይስቴሽን 4 ከ60 ሄርዝ አያልፍም፤ ፕሌይስቴሽን 5 እንኳ ጣሪያው 120 ነው።

ሁለተኛ፣ ገመዱና መሰኪያው ይወስነዋል። የኤችዲኤምአይ 2.0 መሰኪያ በዚህ የምስል ጥራት 144 ሄርዝ ላይ ይቆማል፤ ለ240 ዲስፕሌይ ፖርት 1.4 ወይም ኤችዲኤምአይ 2.1 ያስፈልጋል። ሁሉም ተሟልቶ እንኳ ዊንዶውስ ሞኒተሩን በ60 ሄርዝ ላይ ሊተወው ይችላል። በፈጣን ዋጋ ገዝቶ በዝግታ የሚጠቀም ስንት ሰው እንዳለ አላህ ይወቀው!

ሦስተኛና ትልቁ ጉድለት ማርጀቱ ነው። ኩራዞቹ በበሩ ቁጥር አቅማቸው ይቀንሳል፤ በተለይ ሰማያዊዎቹ ቶሎ ይደክማሉ። አንድ የማይንቀሳቀስ ምስል በአንድ ቦታ ላይ ለብዙ ሰዓታት፣ ለብዙ ቀናት ከቆየ እዚያ ያሉት ነጥቦች ከሌሎቹ ቀድመው ያረጁና ጥላው ታትሞ ይቀራል። ብዙ ቤተሰብ በረመዷን ከመካ የሚተላለፈውን ሥርጭት ከፈጅር እስከ ተራዊሕ ከፍቶ ይተዋል። በኦሌድ ስክሪን ላይ ይህ ከተዘወተረ ጥግ ላይ ያለው የጣቢያው ምልክት ታትሞ ሊቀር ይችላል። ኮምፒውተር ላይም ከግርጌ ሁሌም የሚታየው ሰሌዳ እንደዚያው ነው። መከላከያው ሰሌዳው እንዲደበቅ ማድረግ፣ ጥቁር የጀርባ ምስል መምረጥ፣ ብርሃኑን መቀነስና ከስክሪኑ ሲነሱ እንዲጠፋ ማዘዝ ነው። ሞኒተሩ በየጥቂት ሰዓቱ ራሱን የሚያስተካክልበት የደቂቃዎች ሥራም አለው፤ በዚያን ጊዜ ከሶኬት መንቀል አይገባም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ ይህንን ዕቃ መያዝ ከባድ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

አራተኛ፣ አንዳንድ አምራቾች ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የሦስት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን ዋስትናው ዕቃው ከተገዛበት አገር ውጭ ይሠራ እንደሆነ ሳይጠይቁ በሻንጣ ማስመጣት ዋስትናን ትቶ መምጣት ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ ለንባብና ለትምህርት ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። የአንዳንዶቹ ኦሌድ የቀለም ነጥቦች አደራደር ከተለመደው ስለሚለይ በጥቃቅን ፊደላት ጠርዝ ላይ ቀለም ይታያል። ሙሉ ስክሪኑ ነጭ ሲሆን ብርሃናቸው ከብዙ ኤል ሲ ዲዎች ያንሳል፤ በመስኮት አጠገብ ፀሐይ ከገባ ደግሞ ያ የተወደሰው ጥቁር ይግረጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍና ለሚያነብ ተማሪ በብዙ ያነሰ ዋጋ ያለው ኤል ሲ ዲ ይበቃዋል።

የሸሪዓው ሚዛን

ፈትዋ መስጠት የዑለማዎቻችን ነው፤ እኛ ከእነርሱ የተማርነውን ብቻ እናስታውሳለን። በዓለማዊ ዕቃዎች ላይ መሠረቱ የተፈቀደ መሆኑ ነው። ስክሪን ስክሪን ነው፤ ቁርኣን ይታይበታል፣ ሒሳብ ይሠራበታል፣ የማይረባም ይታይበታል። ጨዋታም በራሱ ነውር አይደለም። የዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልከለከሏቸው፣ እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስኪጠግቡ ድረስ ከኋላቸው ሆነው እንዲመለከቱ እንደጋረዷቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሐንዘላ (ረ.ዐ) ቤተሰቡ ዘንድ ሲገባ ልቡ እንደሚለወጥበት በመጨነቅ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባመለከተ ጊዜም ለዚያም ለዚህም ጊዜ እንዳለው አስተምረውታል። ታዲያ በልጆቻችን ላይ ከነቢዩ የበለጠ ጥብቅ ልንሆን ነውን?

ነገር ግን የተፈቀደው ነገር የሚበላሽባቸው በሮች አሉ። የመጀመሪያው በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነው። እርቃን፣ በአላህ ማጋራት፣ ወይም በውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በገንዘብ እየገዙ ዕድልን የሚሞክሩበት ጨዋታ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ቤልጂየም እንኳ፣ የሙስሊም አገር ሳትሆን፣ በ2018 እንዲህ ያሉትን ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብላለች። ሁለተኛው ሶላት ነው። አዛን ሲሰማ «ይህቺን ልጨርስ» ማለት የለመደ ልጅ ምን ያህል እንደሚያዘገየው ራሱ ያውቀዋል። ሦስተኛው ጊዜ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰዎች ከሚሞኙባቸው ሁለት ጸጋዎች አንዱ ትርፍ ጊዜ መሆኑን ነግረውናል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ድረስ በጨዋታ መጠመድን እንደ ሕመም አስገብቶታል። አራተኛው ገንዘብ ነው፦ ከየት መጣ? በወለድ ብድር ነው ወይ? ከማን ድርሻ ላይ ተነሳ?

በደብተሩ ላይ የሠራነው ሒሳብ

ሳምንቱ አልቆ ወጣቱ ሲመጣ ከመስጂዱ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። «ሐራም ነው አልልህም፤ ባለፈው የተናገርኩህ ሳላውቅ ነው፤ ዐፍው በለኝ» አልነው። ደነገጠ። «አስተማሪዬ ሆነው…» ብሎ ዝም አለ። ቀጥለንም «አሁን ግን ደብተር አውጣና አብረን እናስላ» አልነው።

ሪያል ለዶላር 3.75 ነው። 550 ዶላር 2,062 ሪያል ከ50 ሃላላ ይሆናል። «እህትህ በወር ስንት ታገኛለች?» ስንለው «1,000 ሪያል» አለ። ሁለቱን ወር ሙሉ ሠርታ፣ አንዲት ሃላላ ሳታወጣ፣ ለእናቷም ሳትልክ፣ አሁንም 62 ሪያል ይጎድላታል። የማጓጓዣውና የቀረጡ ገና አልተቆጠረም። ወጣቱ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ከሰመረበት በኋላ እርሳሱን አስቀመጠ።

ከዚያ ስለ ኮምፒውተሩ ጠየቅነው። ጨዋታውን ሲከፍት በስክሪኑ ጥግ የሚታየውን የምስል ቁጥር እንዲያይ ባለፈው ነግረነው ስለነበር መዝግቦ መጥቷል፦ ከ45 እስከ 60። የተለየ የግራፊክስ ካርድ የለውም። ይህ ማለት አዲሱ ሞኒተር ቢመጣለት ከ240ው ውስጥ ቢበዛ 60ውን ብቻ ነበር የሚጠቀመው። «ታዲያ ኡስታዝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ካርድ ግዢልኝ ልላት ነበር ማለት ነው?» አለ። ይህንን እኛ አላልነውም፤ ራሱ ነው ያለው።

በመጨረሻም አሁን ያለውን አሮጌ ሞኒተር ቤቱ ሄደን አየነው። 22 ኢንች ኤል ሲ ዲ ነው። በዊንዶውስ ማስተካከያ ገብተን የማሳያውን ዝርዝር ስንከፍት 60 ሄርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ግን 75 የሚል ምርጫ ነበር! በአንዲት ጠቅታ ቀየርነው። ቀላል ጨዋታዎችን ሲከፍት የአይጥ ቀስቷም ምስሉም ለስለስ ብሎ ሄደ። ዓመታት ሙሉ እቤቱ ተቀምጦ የነበረና አንዲት ሳንቲም ያላስወጣ ነገር! ወጣቱ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

በዚያው ምሽት ለእህቱ በድምፅ መልእክት ላከላት፤ ገንዘቡን እንድታቆየው፣ ለእሱ ምንም እንዳያስፈልገው ነገራት። መልሷን በማግሥቱ አሰማን። «አልሐምዱ ሊላህ ወንድሜ፤ ቃሌን አላጥፍም ብዬ እንጂ ጥርሴን ለመታከም ያስቀመጥኩት ነበር» ትላለች። ከዚህ በኋላ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቃችሁ በቁጣ አትመልሱት። ጠይቁት፣ አስረዱኝ በሉት፤ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከምታስቡት በላይ ነው። አቅሙ ካላችሁና ከፈቀዳችሁም ስክሪኑ ሰው በሚያልፍበት ክፍል ይሁን፣ ሰዓቱ ከሶላትና ከጥናት በኋላ ይሁን። የዓይን ሐኪሞች እንደሚመክሩት በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ ማየትን አስለምዱት።

እናንተ ወጣቶች! ሞኒተር መመኘታችሁ ኃጢአት አይደለም። ወዛችሁን አፍስሳችሁ ባገኛችሁት ሐላል ገንዘብ፣ ኮምፒውተራችሁ የሚችለው ሆኖ፣ የሰው ሐቅ ሳይነካ ብትገዙት ባረከላሁ ፊኩም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያላችሁን ዕቃ በሚገባ ፈትሹ። በባዕድ አገር ያለች እህት «የፈለግኸውን ንገረኝ» ስትል ደግሞ በቅድሚያ «አንቺስ ምን ጎደለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ይህንን ጥያቄ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

እኛም ከተማሪያችን አንድ ትምህርት ወስደናል። ከእንግዲህ አንድን ነገር «ተወው» ከማለታችን በፊት ሐራም ነው ወይስ ስላልወደድነው ነው ብለን ቀድመን ራሳችንን እንጠይቃለን፤ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ) ጊዜያችንንና ገንዘባችንን ይባርክልን፣ በስደት ያሉ እህቶቻችንን በሰላም ወደየቤታቸው ይመልስልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።